የራዲዮ አማተሮች መዝገብና ካርታ፤ ከጅቡቲ ከተማ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

ተማሪዎቻችን ኬክሮስንና ኬንትሮስን በጂኦግራፊ፣ ሞገድንና ድግግሞሽን በፊዚክስ፣ ማዕዘንንና ርቀትን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለየብቻ ይማራሉ። ከፈተና በኋላ ግን እነዚህ ዕውቀቶች የት ተገናኝተው ሥራ ላይ እንደሚውሉ ብንጠይቃቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ጥፋቱም የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም አስተማሪዎቹ ሁሉንም በአንድነት የሚያሳይ ምሳሌ አዘውትረን አናቀርብላቸውም።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን ባልደረቦች ጋር ወደ ጅቡቲ ከተማ በሄድንበት ጊዜ እንዲህ ያለ ምሳሌ አገኘን። ይኸውም የራዲዮ አማተሮች የሚገለገሉበት የመዝገብና የካርታ ፕሮግራም ነው። በዚህ ጽሑፍ የፕሮግራሙን አሠራር ከመሠረቱ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ በሥራው ላይ ሳለን እኛው ራሳችን የፈጸምነውንም ስሕተት ሳንደብቅ እናቀርባለን። ከትክክለኛው መስመር ይልቅ ከተሳሳተው የበለጠ ተምረናልና።

የራዲዮ አማተር ማን ነው?

የራዲዮ አማተር ማለት ለንግድ ወይም ለዜና ሥርጭት ሳይሆን ለዕውቀት፣ ለሙከራና ለወዳጅነት ሲል፣ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ፣ በተመደቡለት የሞገድ ክልሎች ላይ ከመሰሎቹ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ንግግሩ በድምፅ፣ በሞርስ ፊደል፣ ወይም ከኮምፒዩተር በሚወጣ ዲጂታል ምልክት ሊሆን ይችላል። በአጭር ሞገድ የተላከ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ አይዮኖስፌር በተባለው የከባቢ አየር ክፍል ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ከምድርም ነጥሮ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ዐይነት ከአንድ ቤት ጣሪያ የተነሣ ደካማ ድምፅ አህጉር አቋርጦ ሊሰማ ይችላል።

እያንዳንዱ አማተር የራሱ የጥሪ ምልክት አለው። የምልክቱ መጀመሪያ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለየአገሩ የተደለደለ ስለሆነ አገሩን ይናገራል። ለምሳሌ ያህል የኢትዮጵያ «ኢ ቲ»፣ የሱዳን «ኤስ ቲ»፣ የኬንያ «5 ዜድ»፣ የጅቡቲ ደግሞ «ጄ 2» ነው። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል ምልክት ይታወቃል። የጅቡቲ አማተሮች ምልክት አብዛኛውን ጊዜ «ጄ 28» ብሎ ይጀምራል። አገሪቱ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977፣ ነፃ ከመውጣቷ በፊት ግን ምልክቷ በፈረንሣይ ድልድል ሥር «ኤፍ ኤል 8» ነበር። ስለሆነም በአንድ አሮጌ መዝገብ ላይ ሁለቱም ምልክቶች ቢገኙ ስፍራው ያው አንድ መሆኑን ለመረዳት ቀኑን መመልከት ያስፈልጋል። ደኅና የመዝገብ ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በጅቡቲ ከተማ ያስተናገዱን አማተር በጥንቱ የምድር ባቡር ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። አማርኛን የተማሩት በድሬዳዋ ሲሠሩ ስለሆነ እኛን «መምህር»፣ እኛም እርሳቸውን «ጋሼ» እያልን በአማርኛ ተግባባን። ፈቃዱ የእርሳቸው ስለነበር በራዲዮው የሚነጋገሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የእኛ ድርሻ እየተፈራረቁ መጻፍ ነበር። በጣሪያቸው ላይ የዘረጉት አንቴና ጠቅላላ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ፣ መሐሉ ላይ የተከፈለ ተራ የመዳብ ሽቦ ነው። ይህም ርዝመት በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። 142.5ን ለድግግሞሹ በሜጋኸርዝ ስናካፍል የግማሽ ሞገድ አንቴና ርዝመት በሜትር ይገኛል፤ ለ28.5 ሜጋኸርዝ 5 ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

መዝገቡ ምን ይይዛል?

ጋሼ የራዲዮ መዝገብን የሚያመሳስሉት ከባቡር ጣቢያ መዝገብ ጋር ነው። አንድ ባቡር ከአንዱ ጣቢያ ሲነሣ ይጻፋል፤ ከሚቀጥለው ሲደርስም ይጻፋል። ሁለቱ መዛግብት ካልተስማሙ በሐዲዱ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። በራዲዮም እንዲሁ አንድ ግንኙነት የሚቆጠረው በሁለቱም ወገን መዝገብ ላይ ሲገኝና ሲስማማ ብቻ ነው።

በአንድ መስመር ላይ የሚጻፉት ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የሞገዱ ድግግሞሽ፣ የአነጋገሩ ዐይነት፣ የተገኘው ሰው የጥሪ ምልክት፣ የተሰጠና የተቀበልነው የአሰማም ውጤት፣ ስምና ቦታ። የድምፅ ግንኙነት ውጤት ሁለት አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 5 የንግግሩን ግልጽነት፣ ሁለተኛው ከ1 እስከ 9 የድምፁን ጉልበት ያመለክታል። «59» ከተባለ ጥርት ብሎና ጎላ ብሎ ተሰምቷል ማለት ነው። በሞርስ ሲሆን ስለ ቃናው ጥራት ሦስተኛ አኃዝ ይጨመራል።

ቀድሞ ይህ ሁሉ በደብተር ይጻፍ ነበር፤ ማረጋገጫውም በፖስታ በሚላክ ካርድ ይለዋወጥ ነበር። ካርዱ አሁንም አልቀረም፤ ነገር ግን መዝገቡ በአብዛኛው ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። የጥሪ ምልክቱ ሲጻፍ ፕሮግራሙ አገሩን ከምልክቱ መጀመሪያ ለይቶ ያሳያል። ኮምፒዩተሩ ከራዲዮው ጋር በገመድ ከተያያዘ ድግግሞሹን ራሱ ያነባል። ሰዓቱን ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ሰው ጋር ከዚህ በፊት ተገናኝተን እንደሆነም ያስታውሰናል። «ሎገር 32» እና «ሎግ 4 ኦ ኤም» የተባሉት በነፃ ከሚገኙት መካከል ናቸው።

ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ «ኤ ዲ አይ ኤፍ» የተባለ የጋራ የአጻጻፍ ሥርዓት ተበጅቷል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የዐምዱ ስም፣ ቀጥሎ የሚከተለው ጽሑፍ ስንት ፊደል እንደሆነ፣ በመጨረሻም ጽሑፉ ራሱ ይቀመጣል። የፊደሉ ብዛት አስቀድሞ ስለተነገረ አንባቢው ፕሮግራም የት ላይ እንደሚያቆም ያውቃል።

ሦስት ሰዓት ያለው ከተማ

አማተሮች በመላው ዓለም የሚጽፉት በአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይኸውም የተቀናጀው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም ከዚህ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ችግር ባልኖረ። በጅቡቲ ከተማ የሚገኝ ኢትዮጵያዊ ግን ከንጋት የሚጀምር የአገሩ ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር የከተማው ሰዓት፣ በመዝገቡ ላይ ደግሞ ዓለም አቀፉ ሰዓት አለው። እኛ ማታ 1፡10 የምንለውን ከተማው 19፡10፣ መዝገቡ 16፡10 ይለዋል።

መለወጫው ለተማሪ አስቸጋሪ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ከሆነ 3 እንደምራለን። የማታ ወይም የሌሊት ሰዓት ከሆነ 15 እንደምራለን፤ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሰን በቀኑ ላይ አንድ እንጨምራለን። 12 ሰዓት ሲሆን እንደ 0 ይቆጠራል። ለምሳሌ ከቀኑ 8 ሰዓት በመዝገቡ 11፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ 10 ሲደመር 15፣ 25 ስለሚሆን በማግሥቱ ቀን 01፡00 ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መገንዘብ ይገባል። ሦስቱ አቆጣጠሮች የሚለያዩት በሰዓት ብቻ ሳይሆን በቀን መለወጫም ጭምር ነው። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። በከተማው አቆጣጠር በእኩለ ሌሊት፣ በመዝገቡ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይለወጣል። በዚህ ላይ መዝገቡ የአውሮፓውያንን ቀን እንጂ የእኛን ቀን መቁጠሪያ አይቀበልም።

የቦታ አድራሻ በስድስት ምልክት

የሰዓቱን ያህል የሚያስፈልገው ቦታው ነው። በራዲዮ ላይ ዲግሪና ደቂቃ መናገር ረጅም ከመሆኑም በላይ ለስሕተት ያጋልጣል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980 በእንግሊዝ አገር፣ ሜይደንሄድ በተባለች ከተማ በተደረገ የአማተሮች ስብሰባ ላይ አንድ አጭር የአድራሻ ዘዴ ተመረጠ፤ ስሙም ከከተማዋ ተወሰደ።

ዘዴው ዓለምን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ይሸነሽናል። በመጀመሪያ በኬንትሮስ 20፣ በኬክሮስ 10 ዲግሪ ስፋት ያላቸው 324 ታላላቅ ክፍሎች አሉ። እነዚህ ከ«ኤ» እስከ «አር» ባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጠራሉ። እያንዳንዱ ታላቅ ክፍል 2 በ1 ዲግሪ ወደሆኑ 100 ክፍሎች ይከፈላል፤ እነዚህ በሁለት አኃዝ ይጠራሉ። እያንዳንዱም እንደገና 5 ደቂቃ በ2 ደቂቃ ተኩል ወደሆኑ ትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ እነዚህም ከ«ኤ» እስከ «ኤክስ» ባሉ ሁለት ፊደላት ይጠራሉ። ሁልጊዜ የኬንትሮሱ ምልክት ይቀድማል፤ የኬክሮሱ ይከተላል።

የጅቡቲን ከተማ አድራሻ አብረን እናስላ። ከተማዋ የምትገኘው በ43 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ምሥራቅና በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ገደማ ነው። አሉታዊ ቁጥር እንዳይኖር በኬንትሮሱ ላይ 180፣ በኬክሮሱ ላይ 90 እንደምራለን፤ 223 ዲግሪ ከ9 ደቂቃና 101 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ይሆናሉ።

ኬንትሮሱን ለ20 ስናካፍል 11 ደርሶ 3 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ይተርፋል። «ኤ»ን 0፣ «ቢ»ን 1 እያልን ስንቆጥር 11 «ኤል» ነው። ትራፊውን ለ2 ስናካፍል 1 ደርሶ 69 ደቂቃ ይተርፋል። 69ን ለ5 ስናካፍል 13 ይደርሳል፤ ይህም «ኤን» ነው። ኬክሮሱን ለ10 ስናካፍል 10 ደርሶ 1 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ይተርፋል፤ 10 «ኬ» ነው። ከትራፊው ሙሉው ዲግሪ 1 ነው፤ የቀረውን 36 ደቂቃ ለ2.5 ስናካፍል 14 ይደርሳል፤ ይህም «ኦ» ነው። እንግዲህ የከተማዋ አድራሻ «ኤል ኬ 11 ኤን ኦ» ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች ብቻ ቢሰጡ በዚህ አካባቢ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 218፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 111 ኪ.ሜ. ያህል ስፋት ያለውን ክፍል ያመለክታሉ። ጅቡቲ ከተማ፣ አርታ፣ አሊ ሳቢህ፣ ዲኪልና ታጁራ ሁሉም በ«ኤል ኬ 11» ውስጥ ናቸው። ከተማን ከከተማ ለመለየት ስለዚህ ስድስቱም ምልክቶች ያስፈልጋሉ። የአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች «ኬ ጄ 99» ናቸው።

ካርታው የሚነግረን

ፕሮግራሙ የሁለቱን ጣቢያዎች አድራሻ ሲያገኝ ርቀቱንና አቅጣጫውን አስልቶ በካርታ ላይ መስመር ይዘረጋል። ለአጭር ርቀት ይህን ስሌት ተማሪዎችም በፓይታጎረስ ሕግ ሊሠሩት ይችላሉ። በጅቡቲ ከተማና በአዲስ አበባ መካከል የኬክሮሱ ልዩነት 2.57 ዲግሪ፣ የኬንትሮሱ 4.4 ዲግሪ ያህል ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪ.ሜ. ስለሆነ የመጀመሪያው 285 ኪ.ሜ. ይሆናል። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ወደ ዋልታ በሄድን መጠን ስለሚጠብ በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን መባዛት አለበት፤ በዚህም 481 ኪ.ሜ. ይሆናል። የሁለቱ ካሬዎች ድምር ስኩዌር ሩት 559 ኪ.ሜ. ነው። አቅጣጫውም ከሰሜን ተነሥቶ በቀኝ ሲቆጠር 240 ዲግሪ ያህል፣ ማለት ደቡብ ምዕራብ ነው። የጥንቱ የባቡር ሐዲድ በዚሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል 784 ኪ.ሜ. ርዝመት ነበረው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቅ ብለው «ሞገድ ተራራ አይዞርም» አሉን።

ለረጅም ርቀት ግን ምድር ክብ መሆኗን መርሳት አይቻልም። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ብንመለከት ሎስ አንጀለስ ከጅቡቲ በስተምዕራብ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትታያለች። አንቴናውን ወደዚያ ያዞረ ሰው ግን ተሳስቷል። አጭሩ መንገድ የሚነሣው በ340 ዲግሪ፣ ማለት ከሰሜን 20 ዲግሪ ብቻ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ነው። መንገዱም በአውሮፓ፣ በግሪንላንድና በካናዳ ላይ አልፎ 14,570 ኪ.ሜ. ያህል ይጓዛል። ወደ ቶኪዮ ደግሞ አቅጣጫው 54 ዲግሪ፣ ርቀቱ 9,840 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ለዚህም ሲባል አማተሮች የራሳቸውን ከተማ እመሐል አድርጎ የተሠራ ክብ ካርታ ይጠቀማሉ። በእንዲህ ዐይነቱ ካርታ ከመሐል የተነሣ ማንኛውም ቀጥታ መስመር ትክክለኛውን አቅጣጫና ርቀት ያሳያል።

ካርታው ሌላም ነገር ያሳያል፤ ይኸውም የቀንና የሌሊትን ወሰን ነው። 28 ሜጋኸርዝን የመሰለ ከፍተኛ ድግግሞሽ አይዮኖስፌር አጥፎ እንዲመልሰው የፀሐይ ብርሃን በደንብ ያስፈልገዋል። ፀሐይም በ11 ዓመት ገደማ እየተመላለሰ የሚበረታና የሚደክም ዑደት አላት፤ እኛ ጅቡቲ በነበርንበት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓመት ብርቱ ስለነበረች 28 ሜጋኸርዝ በሰፊው ይሰማ ነበር። መንገዱ በሙሉ ጨለማ ሲሆን ግን ይህ ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ስሕተታችንን ያጋለጠውም ይኸው የብርሃንና የጨለማ ወሰን ነው።

የእኛ ስሕተት

በሦስት ምሽት 46 ግንኙነቶች በወረቀት ጻፍን። የመጀመሪያው ምሽት 17 ነበሩ። ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ የጎረቤት የአየር ማቀዝቀዣዎች በራዲዮው ላይ እያጉረመረሙ፣ ጋሼ የሚጠሩትን ምልክት ለመያዝ ስንጣደፍ ከመካከላችን አንዱ ሰዓቱን በለመደው በአገራችን አቆጣጠር ጻፈው። በነጋታው ወደ ኮምፒዩተር ስናስገባም እንዳለ ገለበጥነው። ፕሮግራሙ የሰጠነውን 1፡10 ተቀብሎ ዓለም አቀፍ ሰዓት አደረገው፤ ምንም አልተቃወመም። ቁጥር ነውና።

ሠንጠረዡ ጥርት ያለ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ካርታውን ከፍተው መስመሮቹን አንድ በአንድ እያዩ ሲሄዱ ግን አንድ የስፔን ጣቢያ ላይ ቆሙ። በካርታው መሠረት ግንኙነቱ በተደረገበት ሰዓት ጅቡቲም ስፔንም በመካከላቸው ያለው መንገድም በጨለማ ተውጦ ነበር። ሞገዱ ደግሞ 28 ሜጋኸርዝ ነው። ዞር ብለው «መምህር፣ ባቡሩ ሳይነሣ ደርሷል ብላችሁ ጽፋችኋል» አሉን። እውነትም በማታ 16፡10 የተደረገውን ግንኙነት በዚያው ዕለት ንጋት 01፡10፣ ማለት 15 ሰዓት አስቀድመን መዝግበነዋል። አሥራ ሰባቱም መስመሮች እንዲሁ ነበሩ።

በዚህ ብቻ አላበቃም። በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ለልምምድ በከፈትነው ሌላ መዝገብ የጅቡቲን ኬንትሮስ ስንጽፍ ከምሥራቅ ይልቅ ምዕራብ ብለን ነበር። አድራሻው «ጂ ኬ 81» ሆነ፤ ከተማዋም አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ገባች። የሚያስገርመው ሠንጠረዡን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ አያስነቃም። እስከ ማድሪድ ያለው ርቀት 5,010 ኪ.ሜ. ተብሎ ተጽፏል፤ እውነተኛው 5,580 ያህል ስለሆነ የተሳሳተውም እውነት ይመስላል። አቅጣጫው ግን በ314 ዲግሪ ፈንታ 43 ዲግሪ ሆኗል። አንቴና በዚህ ቢዞር ማድሪድን ወደ ጎን ትቶ ወደ እስያ ይመለከት ነበር። አንዳንድ ፕሮግራሞች ምሥራቅን፣ ሌሎች ደግሞ ምዕራብን በአዎንታዊ ቁጥር እንደሚጽፉም ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ማንን ይጎዳል? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ጅቡቲ አማተሮች የሚበዙባት አገር አይደለችም፤ ስለዚህ በሌላ አገር ያለ አማተር ከጅቡቲ ድምፅ ለመስማት ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያቋቋመው የማረጋገጫ ማዕከል የሁለቱን ወገን መዝገብ ያመሳክራል። የጥሪ ምልክቱ፣ የሞገዱ ክልልና የአነጋገሩ ዐይነት መስማማት አለባቸው፤ የሰዓቱም ልዩነት ከ30 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። እኛ በ15 ሰዓት ተሳስተናል። ያ መዝገብ እንዳለ ቢላክ ኖሮ 17 ሰዎች በትክክል የጻፉት መስመር በእኛ ጥፋት ምስክር ያጣ ነበር።

ያዳነን ወረቀቱ ነው። በእርሳስ የተጻፈው የመጀመሪያው ወረቀት ስላልተጣለ፣ በራሱም ላይ «ማታ» የሚል ቃል ስለነበረ 15 ሰዓት እየደመርን 16ቱን አረምን። አንዱ መስመር ግን በላብ ደብዝዞ ሰዓቱ አልነበብ አለ። ከበላዩ ያለው 2፡05፣ ከበታቹ ያለው 3፡20 ነው። ከእኛ አንዱ «መካከሉን ወስደን 2፡42 ብንል ምናለ?» አለ። ስናሰላው በሁለቱ መካከል 75 ደቂቃ አለ። ስለዚህ መካከሉ ከእውነቱ እስከ 38 ደቂቃ ሊርቅ ይችላል፤ ይህም ከተፈቀደው 30 ደቂቃ ይበልጣል። ጋሼ ግን ስሌቱንም አልጠበቁም። «ባቡሩን ሳላይ አልፏል ብዬ ጽፌ አላውቅም» ብለው መስመሩን ከሚላከው ውስጥ አወጡት። ከጎኑም «ሰዓቱ አልተነበበም» ብለው ጻፉበት። የዚያ ሰው ካርድ ከነሰዓቱ ከመጣ ይሟላል፤ ካልመጣም እንደዚያው ይቀራል።

በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተሮች በቀጥታ የሚነጋገሩባቸው ዘዴዎች ሰዓትን ይበልጥ ወሳኝ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆኑት ጆ ቴይለር፣ ከስቲቭ ፍራንክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት «ኤፍ ቲ 8» የተባለው ዘዴ በየ15 ሰከንዱ ተራ እየጠበቀ ይሠራል። የኮምፒዩተሩ ሰዓት በጥቂት ሰከንድ እንኳ ከተዛባ መልእክቱ አይነበብም። በጥሪው ውስጥ ባለ አራት ምልክት የቦታ አድራሻ ስለሚላክ «ግሪድትራከር»ን የመሳሰሉ የካርታ ፕሮግራሞች የተሰሙትን ጣቢያዎች በየክፍላቸው ወዲያውኑ ይሥላሉ። ይሁን እንጂ የላኪው ሰው አድራሻ ከመጀመሪያው ስሕተት ከሆነ ማሽኑ ያንኑ ስሕተት በየ15 ሰከንዱ ይደጋግመዋል እንጂ አያርመውም።

በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

ይህን ትምህርት ለመስጠት ማስተላለፊያ ራዲዮ አያስፈልግም። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍም በሕግ የተከለከለ ነው፤ በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ክበብ ለማቋቋም የሚያስብ ትምህርት ቤት አስቀድሞ እዚያ መጠየቅ ይኖርበታል።

አንድ ሉል፣ ክርና የማዕዘን መለኪያ ካሉ በቂ ናቸው። ክሩ ከጅቡቲ እስከ ሎስ አንጀለስ በሉሉ ላይ ተወጥሮ ሲታይ ወደ ሰሜን መታጠፉን ተማሪው በዓይኑ ያያል። ኢንተርኔት ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ «ፒ ኤስ ኬ ሪፖርተር» የተባለውን ካርታ ከፍቶ በዚያች ሰዓት የትኛው ጣቢያ የት እንደተሰማ ማሳየት ይቻላል። ጠዋትና ማታ እያነጻጸሩ መመዝገብም መልካም የቡድን ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ሲመዘግቡ ሦስት ደንብ እንዲጠብቁ እንመክራለን፤ ሰዓቱ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከወረቀቱ ራስ ላይ መጻፍ፤ የተሳሳተውን መሰረዝ እንጂ አለመፋቅ፤ ያልታወቀውን ባዶ መተው።

ማጠቃለያ

የመዝገብና የካርታ ፕሮግራም ስሌትን ያፋጥናል፤ የተጻፈውን እውነት የማድረግ ኃይል ግን የለውም። ካርታው የጠቀመን ከሠንጠረዡ የበለጠ ስለሚያውቅ አይደለም። ቦታንና ሰዓትን አንድ ላይ አስቀምጦ ሊሆን የማይችለውን ነገር ለዓይን ስላሳየን ነው። ያንን አይቶ «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚለው ግን ፀሐይ መቼ እንደምትጠልቅ፣ ሞገድ መቼ እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ተማሪዎቻችንን ማብቃት ያለብን ለዚህ ነው። ያቺ ያልተነበበች መስመር ከጅቡቲ ከተነሣን በኋላም ባዶ እንደሆነች ቆይታለች፤ ከ46ቱ መስመሮች ግን ለተማሪዎቻችን አዘውትረን የምንነግራቸው ስለ እርሷ ነው።

መልመጃ

1. ባሕር ዳር በ37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ምሥራቅና በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ትገኛለች። የአድራሻዋን የመጀመሪያ አራት ምልክቶች ፈልጉ። ከጅቡቲ ከተማ አድራሻ ጋር የትኞቹ ምልክቶች ይመሳሰላሉ? ለምን?
2. ድሬዳዋ በ41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅና በ9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ትገኛለች። የአድራሻዋን የመጀመሪያ አራት ምልክቶች ፈልጉ።
3. ከሌሊቱ 8፡30 በዓለም አቀፍ ሰዓት ስንት ነው? ቀኑስ ይለወጣል?
4. ለ14.25 ሜጋኸርዝ የሚሆን የግማሽ ሞገድ አንቴና ስንት ሜትር ነው?

መልስ፤ 1. «ኬ ኬ 81»፤ ሁለተኛው ፊደልና የመጨረሻው አኃዝ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኬክሮስ ላይ ስለሆኑ ነው። 2. «ኤል ጄ 09»። 3. 23፡30፤ ቀኑ ገና አይለወጥም። 4. 10 ሜትር።